ከኮዱ በፊት ሁለተኛ ክፍል እንግባ

ባለፈው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ከመገናኛ ወደ ለገጣፎ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ነን። ዝናቡ መስታወቱን ይወቅጠዋል፤ መኪናው ሲኤምሲ ላይ ከቆመ ቆይቷል። አጠገቤ የተቀመጠው የሰፈሬ ልጅ ነው፤ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ፣ ከእኔ በአንድ ዓመት የሚቀድም። ደብተሩን ከቦርሳው አወጣና የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ «ዘንድሮ ክረምቱን አላባክንም» አለኝ። ገጹ ላይ ዕቅዱ ተጽፏል። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የመማሪያ ሶፍትዌር ይሠራል። ፊደል፣ ቁጥር፣ ማባዛት፣ እንስሳት፣ ካርታ... በድምሩ ዐሥር ጨዋታ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ። የመምህር ገጽ አለው፣ የወላጅ ገጽ አለው፣ ውጤት መመዝገቢያ አለው። የሚያልቀው መቼ ነው? ጳጉሜን 3!

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። የሳቅነው ግን በተለያየ ነገር ነበር፤ እኔ በዕቅዱ፣ እሱ በእኔ። «አንቺ ደግሞ ዜናሽን ጻፊ፣ የኮዱን ነገር ለእኛ ተዪው» አለኝ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍሽው ለዚያች አነጋገር መልስ ለመስጠት ነው ብትሉኝ ሙሉ በሙሉ አልክድም። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ዘንድሮም በግቢያችን የክረምት ዕቅድ የሚነድፉ ልጆች ብዙ ናቸው። እኔና ጓደኛዬ ባለፈው ክረምት ያባከንናቸውን ስምንት ሳምንታት ሌላ ሰው ደግሞ እንዲያባክናቸው አልፈልግም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የተማሪ የክረምት ሶፍትዌር የሚበላሸው ኮዱ ላይ አይደለም። የሚበላሸው ኮዱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ሶፍትዌር የተሠራበት ኮድ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ሊያነበው፣ ሊያስተካክለው፣ አሻሽሎም ለሌላው ሊያድለው የሚችል ማለት ነው። አሠራሩን ደብቆ ወጡን ብቻ እንደሚሸጠው ምግብ ቤት ሳይሆን እንደ ሰፈራችን እናቶች ነው፤ «በርበሬውን እንዲህ አድርጊ፣ ቅመሙን በኋላ ጨምሪበት» ብለው ከነሙያው ይሰጡሻል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 «ሰመር ኦፍ ኮድ» የሚል መርሐ ግብር የጀመረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የክረምት ዕረፍታቸውን ለእንዲህ ዓይነት ሶፍትዌሮች ኮድ እየጻፉ እንዲያሳልፉና ለሥራቸውም ክፍያ እንዲያገኙ ነው። ይኸው እስካሁን አለ። እንዲያውም ከ2022 ወዲህ ተማሪ መሆን ግዴታ መሆኑ ቀርቶ፣ 18 ዓመት የሞላውና ለክፍት ኮድ ሥራ አዲስ የሆነ ሰው ሁሉ ማመልከት ይችላል። የመማሪያ ሶፍትዌሮችም በብዛት የሚሳተፉበት ነው። በየዩኒቨርሲቲው የምናውቀው ሙድል አንዱ ነው።

እኔን የገረመኝ ክፍያው ሳይሆን የጊዜ ሰሌዳው ነው። ተማሪ የሚቀበሉት ድርጅቶች የሚታወቁት በእኛ አቆጣጠር የካቲት ላይ ነው። ማመልከቻው መጋቢት ውስጥ ይገባል። ውጤቱ ሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ይሰማል። ከዚያ በኋላም ወዲያው ኮድ አይጀመርም። ተማሪው ከሚመራው ሰውና ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር የሚተዋወቅበት፣ የሌላ ሰው ኮድ የሚያነብበት፣ ዕቅዱን የሚከልስበት ሳምንታት አሉ። ኮዱ የሚጀመረው ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው። ልብ በሉ፣ ለ12 ሳምንት ሥራ ሦስት ወር ዝግጅት! ሥራውም በሰዓት የተመተረ ነው፤ 90፣ 175 ወይም 350 ሰዓት። መካከለኛውን ብንወስድ 175 ሰዓት ለ12 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 15 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። የጓደኛዬ ዐሥር ጨዋታ በአራት ቋንቋ በዚሁ ሒሳብ ሲመነዘር ለአንዱ ጨዋታ በአንዱ ቋንቋ አራት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። መብራት የሚጠፋበትን ሳንጨምር ማለቴ ነው።

በዚህ ላይ የእኛ አገር ተማሪ የራሱ ጣጣ አለበት። ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ለእኛ የፈተና ወቅት ነው። ሌላው ዓለም ኮድ መጻፍ ሲጀምር እኛ ሃንድአውት ስናሳድድ ነን። ስለዚህ የእኛ ልጅ ከሌላው ቀድሞ ማቀድ ሲገባው ወሬውን የሚሰማው ግንቦት ላይ ነው፤ ጓደኛዬም እንደዚሁ። «ለዘንድሮ አለፈኝ፣ በራሴ እሠራዋለሁ» አለ። በራስ መሥራት ጥሩ ነው፤ እኔም አበረታታሁት። ምን ዋጋ አለው፣ የወሰደው ኮድ መጻፉን ብቻ ነበር፤ ዝግጅቱን ተወው።

ትንሽ ነገር ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ለማየት አንድ ታሪክ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2012 ክረምት ጄሚ አሌክሳንደር የሚባል የአሜሪካ የዶክትሬት ተማሪ ካን አካዳሚ ውስጥ ለልምምድ ገባ። ካን አካዳሚ በቪዲዮ ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምር ተቋም ነው፤ ችግሩ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ መሆኑ ነበር። ይህ ልጅ ሌላ ካን አካዳሚ ልፍጠር አላለም። የያዘው ጥያቄ አንድ ነው፤ እነዚያው ቪዲዮዎችና መልመጃዎች ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ውስጥ እንዴት ይሥሩ? በዚያው ዓመት ታኅሣሥ (በፈረንጆቹ ዲሴምበር) «ካ ላይት» የተባለው ሶፍትዌር ወጣ። ሥራው እያደገ ሄዶ ዛሬ «ኮሊብሪ» በሚል ስም በብዙ አገሮች ኢንተርኔት የሌላቸው ት/ቤቶች ይጠቀሙበታል። የክረምቱ ሥራ አዲስ ትምህርት አልፈጠረም፤ የተፈጠረውን ትምህርት ወደማይደርስበት አደረሰው እንጂ።

እንግዲህ ወደ ለገጣፎ እንመለስ።

እኔ ክረምቱን በሰፈራችን አንድ ት/ቤት በማጠናከሪያ ትምህርት በበጎ ፈቃደኝነት ላገለግል ተመዝግቤ ነበር። ጓደኛዬ «ሶፍትዌሩን እዚያ እንሞክረዋለን» ስላለ አብሬው ገባሁበት። (የት/ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ የሆነው ነገር በማንኛውም ት/ቤት ይሆናል።) የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምን ላይ አለቁ መሰላችሁ? ደብዳቤ ላይ። «ከኮሌጃችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ» ተባልን። ይዘን ስንሄድ የኮምፒዩተር ክፍሉ ቁልፍ ያለው ንብረት ክፍል ነው፣ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ አገር ቤት ሄዷል። በሩ ሲከፈት ውስጥ 11 ኮምፒዩተሮች ተደርድረዋል፤ የሚነሡት 6 ናቸው። ኢንተርኔት የለም። ይህ ሁሉ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አልነበረም።

ጓደኛዬ በዚህ መሀል እቤቱ ቁጭ ብሎ ይሠራል። ሦስት ሳምንት ሙሉ። ምን ሠራህ ስለው የሚያሳየኝ የመግቢያውን ገጽ ነው፤ የተማሪው ስም፣ የይለፍ ቃል፣ ሰማያዊ ሰማይ፣ የሚንቀሳቀስ ደመና። እውነቱን ለመናገር ደመናው ያምር ነበር። በስድስተኛው ሳምንት በፍላሽ ይዘን ሄድን፤ አልከፈት አለ። ለካ ፕሮግራሙ ግማሹን ነገር ከኢንተርኔት እየጎተተ ነው የሚሠራው። የጓደኛዬ ላፕቶፕ ከስልኩ ኢንተርኔት ስለሚወስድ እቤቱ ሆኖ ይህ ችግር ታይቶት አያውቅም። የሰባት ዓመት ልጅ የይለፍ ቃል ምን ይሠራለታል የሚለውን ጥያቄ ደግሞ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ልክ ነኝ አልልም።

በሰባተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጠን የተሠራውን ወደ መፈለግ ሄድን። መጀመር የነበረብን እዚያ ነበር። «ጂኮምፕሪ» የሚባል አለ፤ አንድ ፈረንሳዊ፣ ብሩኖ ኩድዋን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች የሆነ፣ ከመቶ በላይ ጨዋታዎች ያሉት ክፍት ሶፍትዌር። ስሙ በፈረንሳይኛ ሲነበብ «ገባኝ» እንደማለት ነው። አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ የይለፍ ቃልም አይጠይቅም! ለነገሩ ሌሎችም አሉ። ልጆች ፕሮግራም የሚማሩበት ስክራች የቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ አለው፣ የሥዕል መሣሪያው ተክስ ፔይንትም አለው። ማለትም አንድ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ ቁጭ ብሎ ለእኛ ልጆች ተርጉሞታል። ስንቶቻችን እናውቃለን?

ከጂኮምፕሪ ጨዋታዎች አንዱን መረጥን። ማሽኑ የፊደሉን ድምፅ ያሰማል፣ ልጁ ከተደረደሩት ፊደላት መሀል ትክክለኛውን ይነካል። በቃ ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የድምፅ ፋይል ያስፈልጋል፤ ፋይሉም የሚሰየመው ፊደሉ በዩኒኮድ ባለው ቁጥር ነው። በእኛ ቅጂ ላይ የአማርኛ ድምፅ ስላልነበረ እኔ በስልኬ ቀዳሁት። «ዜናሽን ጻፊ» የተባልኩት ልጅ ተፈለግሁ ማለት ነው። ችግሩ ነሐሴ ነው፣ የቤታችን ጣሪያ ደግሞ ቆርቆሮ። «ሸ» ከዝናቡ አትለይም ነበር። ሌሊት ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ተነሥቼ በሹክሹክታ የቀዳኋቸው አሉ፤ እናቴ «ምን ሆነሽ ነው፣ ጸሎት ነው?» ብላ እስክትነሣ ድረስ።

የሞከርነው በስምንተኛው ሳምንት ነው። አንዲት ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ወደ ሦስተኛ የምታልፍ ልጅ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። ማሽኑ በእኔ ድምፅ «ሀ» አለ። ልጅቷ አየች አየችና «ሐ»ን ነካች። ስህተት ነው አላት። ደገመችው። ስህተት። «ኀ»ን ነካች። ስህተት። ዞር ብላ አየችኝና «ልክ ነኝ እኮ!» አለች። እውነቷን ነበር። ልክ ነበረች።

የማጠናከሪያውን ክፍል የሚመሩት መምህርት ከኋላችን ቆመው ያያሉ። ረዥም ዘመን ፊደል ያስቆጠሩ ሴት ናቸው። ሣቅ ብለው «ልጆቼ፣ ይህ ማሽናችሁ ፊደል አልቆጠረም እንዴ?» አሉን።

እንግዲህ አስቡት። ጨዋታው የተሠራው ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል በሚል ሐሳብ ነው። በእኛ ቤት «ሀ» ተብሎ ሲነበብ ሀም፣ ሐም፣ ኀም ነው፤ እንዲያውም ራብዖቹ ሃ፣ ሓ፣ ኃም በንባብ ያው ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደዚሁ። ለማሽኑ ሀ በዩኒኮድ 1200 ነው፣ ሐ 1210፣ ኀ ደግሞ 1280፤ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች። ለሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን አንድ ድምፅ ናቸው። ጓደኛዬ ኮዱን እንዲያስተካክል ሦስቱንም ትክክል ብሎ ይቀበል ወይ ብለን ተከራከርን። እሱ ይቀበል አለ፤ እኔ ደግሞ እንዲያ ከሆነ ልጅቷ «ሐመር» እና «ሀገር» በየትኛው እንደሚጻፉ መቼ ትለያለች አልኩ። መፍትሔውን የሰጡን መምህርቷ ናቸው፤ ከእኛ በፊት ከመቶ ዓመታት ጀምሮ የነበረ መፍትሔ። «ሃሌታው ሀ በሉ፣ ሐመሩ ሐ በሉ፣ ብዙኃኑ ኀ በሉ። እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። በስማቸው ጥሯቸዋ!» አሉን። አንድ መስመር ኮድ መቀየር አላስፈለገም። የሚቀየረው የተቀዳው ድምፅ ነው።

ይህች ንግግር የፈጀችው አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሰኔ ላይ፣ ደብተሩ ከመገለጡ በፊት፣ ሄደን ብንጠይቃቸው ኖሮ ያው አምስት ደቂቃ ነበረች።

ሌላም አለ። በጂኮምፕሪ ውስጥ ፊደላት ከላይ እየወረዱ መሬት ሳይነኩ በኪቦርድ የሚመቱበት ጨዋታ አለ። ለፈረንጅ ልጅ አንድ ቁልፍ አንድ ፊደል ነው። እኛ ግን «ሁ»ን ለመጻፍ መጀመሪያ የህን ቁልፍ ቀጥሎ የኡን ቁልፍ እንመታለን፤ የመጀመሪያው ቁልፍ ሲመታ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው «ህ» ነው። ጨዋታው «ህ»ን ሲያይ ልጁን ተሳስተሃል ይለዋል፣ ልጁ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። እዚህ ላይ ኮድ መነካት አለበት፤ ማሽኑ ትንሽ እንዲታገሥ። የለገጣፎ ልጅ ደግሞ ቁቤም ይማራል። ከፊሉ በአፋን ኦሮሞ፣ ከፊሉ በአማርኛ፣ ብዙው በሁለቱም ይኖራል፤ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ዓይነት ፊደል ተቀምጧል። ቁቤ በላቲን ስለሚጻፍ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እንደ «ዸ»፣ «ኘ» እና «ሸ» ያሉት ድምፆች በሁለት ሆሄ ጥምረት ይጻፋሉ። ስለዚህ እዚያም አንድ ድምፅ ሁለት ቁልፍ ነው። ያን ቀን ጓደኛዬ ጭንቅላቱን ይዞ «ለካ ሁለቱም ጋ ያለው ችግር አንድ ነው» አለ። የክረምቱ ትልቁ ግኝቱ ይህ ይመስለኛል። ማሽኑ ሁለተኛውን ቁልፍ እንዲጠብቅ የሚያደርግ አንድ ማስተካከያ ለፊደልም ለቁቤም ይሆናል። ዐሥር ጨዋታ አይደለም፤ አንድ ማስተካከያ ነው። እሱ ግን ገና መሠራት አለበት፤ ክረምቱ አልቆብን ነበር።

አንዳንዱ «ችግሩ ኮምፒዩተር አለመኖሩ ነው፣ መሣሪያው ይምጣ እንጂ ልጆቹ ራሳቸው ይማሩታል» ይላል። ይህ አስተሳሰብ በአገራችን ተሞክሯል። ከ2000 ዓ.ም ወዲህ ባሉት ዓመታት «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ት/ቤቶች ገብተዋል። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ት/ቤት ለማያውቁ ለየመንደሩ 20 ያህል ልጆች ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ ካርቶኑ እንደታሸገ ከተቀመጠላቸው ልጆች አንዱ በአራት ደቂቃ ውስጥ ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ነበር፤ በአምስት ወር የተዘጋውን ካሜራ ሰብረው ከፈቱት። እኔ ይህን ሳነብ ኮራሁ። የወንጪ ልጅ ብልህ መሆኑን ግን ያለ ታብሌትም እናውቃለን። እኔን ያሳሰበኝ መዝሙሩ ነው። የእንግሊዝኛውን ፊደል የዘመሩት የተጫነላቸው እሱ ስለነበረ ነው። ልጅ ያገኘውን ይማራል፤ የሚጫነውን የሚወስነው ዕቅድ ያወጣው ሰው ነው።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ የምስክር ወረቀት የሌለው ተማሪ በሰፈራችን ብርቅ ሆኗል። መጥፎ አይደለም፤ እኔም አንዱን ጀምሬዋለሁ (አልጨረስኩትም እንጂ)። ኮድ መጻፉም እንደ ድሮው አይከብድም፤ ጓደኛዬ ራሱ «የቀረውን ቻትጂፒቲ ይጽፍልኛል» ይል ነበር፣ ጽፎለታልም። ሰማያዊውን ሰማይ የጻፈው እሱ ነው። የንብረት ክፍሉ ቁልፍ የት እንዳለ ግን አልነገረውም። ልጅቷ ሐን ስትነካ ልክ እንደሆነችም እንዲሁ። ኮዱ እየረከሰ በሄደ ቁጥር ውድ ሆኖ የሚቀረው ሄዶ መጠየቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሄዶ መጠየቅ ደግሞ የማን ሙያ ነው? የእኛ ነዋ! አንደኛ ዓመት ላይ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት እየተባልን ያደግን ልጆች ነን። የጓደኛዬ ዕቅድ ከስድስቱ የመለሰው «ምን» የሚለውን ብቻ ነበር። «ማን» የለም፣ «የት» የለም፣ «መቼ» ደግሞ ጳጉሜን 3 ነው። ታዲያ ለምንድን ነው የእኛ ክፍል ተማሪ በእንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ የማይታየው? የኮምፒዩተር ሳይንስ ልጆች የመመረቂያ ሥራቸውን ሠርተው ሲዲ ላይ ገልብጠው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል፤ እኛም ቃለ መጠይቃችንን ለውጤት ብለን ሰፈር ውስጥ ያለ ሰው ላይ እንለማመዳለን። ሁለቱ ቢሮዎች መሀል ያለው አንድ ደረጃ ነው!

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የእኛ ትምህርት ክፍል ከኮምፒዩተር ሳይንስ ጋር ተነጋግሮ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሁለት ሁለት ተማሪ ያጣምር፤ አንድ ከእኛ፣ አንድ ከእነሱ። እኛ አንድ ክፍል ገብተን እንይ፣ መምህር እናነጋግር፣ ያየነውን በሁለት ገጽ እንጻፍ። እነሱ ያንን አንብበው ካለው ክፍት ሶፍትዌር ውስጥ የትኛው እንደሚስማማና ምኑ እንደሚነካ ይምረጡ። ዓለም አቀፉ ማመልከቻ መጋቢት ላይ ሲመጣ በእጃቸው ባዶ ደብተር ሳይሆን እውነተኛ ችግር ይኖራል። ባያልፉም ሥራው ከነችግሩ አለ። ድምፅ የሚቀዳ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ በበጋ ይቀዳ! የኮሌጃችን ስቱዲዮ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶውን ነው የሚውለው።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። መምህርቷን ድምፅዎን እንቅዳ ስንላቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ማን ይወስደዋል?» የሚል ነበር። ጓደኛዬ ኦፕን ሶርስ ነው፣ ነፃ ነው ብሎ ሊያልፈው ነበር። እኔ ግን ተቀምጬ አስረዳኋቸው፤ ነፃ ማለት ድምፁን ማንም ሰው፣ የትም አገር፣ ለሌላ ሥራም ሊጠቀምበት ይችላል ማለት ነው፣ አንዴ ከወጣ በኋላ መልሱልኝ ማለት አይቻልም አልኳቸው። ሁለት ቀን አሰቡበት። ከዚያ «ፊደል እኮ የእኔ አይደለም፣ ስሜን ግን እንዳትጽፉት» አሉን። አልጻፍነውም፤ እዚህም አልጻፍኩትም።

የጓደኛዬ የዘንድሮ ዕቅድ አንድ ገጽ አይሞላም። ኅዳር ላይ ሁለታችንም ሁለተኛ ክፍል ገብተን ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ሁለት ጧት አሳለፍን፤ ጉልበታችን ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ልጆቹ ሣቁብን። እሱ ሁለተኛውን ቁልፍ የሚጠብቀውን ማስተካከያ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ምንም። እኔ ድምፁን እጨርሳለሁ። ከሀ ጀምረን እስከ ቸ ድረስ በየስማቸው ቀድተናል። ባለፈው ሳምንት መምህርቷ ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር ተቋርጧል። ቅዳሜ ብዙኃኑ ኀ ላይ እንቀጥላለን።